የአንደኛ ማርሽ ልጅ

የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ለማያውቀው ሰው ቢነግሩት አይገባውም። የጎማ ሽታ አይደለም፣ የዘይትም አይደለም። ጸጉር እሳት ሲነካው ከሚሸተው ጋር ትንሽ ይዛመዳል፤ ግን ደረቅ ነው፣ ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ አልወርድ ይላል። ባለፈው ወር ከኢተያ ወደ አዳማ ስመለስ፣ የተሳፈርኩበት አውቶቡስ ወደ ዴራ የሚያወርደውን ቁልቁለት እንደ ጀመረ ያ ሽታ በመስኮት ገባ። ከፊታችን አንድ ከባድ መኪና ከነተሳቢው ይወርዳል፤ ከኋላ ጎማዎቹ መሐል ነጭ ጭስ ይወጣል። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ አፍንጫዋን በሻርፗ ሸፈነች። እኔ የፊቴን ወንበር ብረት በሁለት እጄ ጨብጬ ያዝኩ፤ መንገዱ ሜዳ እስኪሆን ድረስም አልለቀቅኩትም።

የምመለሰው ከለቅሶ ነበር። ጋሽ ቱፋ ዐርፈው። ጋሽ ቱፋ የአባቴ ረዳት ነበሩ፤ በአንድ ጋቢና ስምንት ዓመት አብረው ተጉዘዋል። ልጃቸው ጀማል ስልክ ደውሎ ሲያረዳኝ አለቀስኩ ብል ደስ ባለኝ። ለቅሶው የመጣው በኋላ ነው። በመጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነበር። በራሴ አፈርኩ፤ ግን ያው እፎይ አልኩ። ለምን እንደሆነ ለመናገር አምስተኛ ክፍል ወደነበርኩበት ዓመት መመለስ አለብኝ።

ጊዜው የደርግ ነው። ስኳር በቀበሌ ሱቅ በወረፋ ይሸመታል፣ አስተማሪውም የወፍጮ ቤቱ ሰውዬም "ጓድ" ይባላሉ። ቤታችን አዳማ ውስጥ፣ ወደ አሰላ በሚያወጣው መንገድ ዳር ነበር። በጥር ወር ነፋሱ ለጉድ ነው። ያጠቡትን ልብስ ካሰጡበት ገመድ ላይ ገፎ ሦስተኛው ጎረቤት ግቢ ይጥለዋል፤ አቧራው በጥርስ መሐል ይንኳኳል። በዚያ ነፋስ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ከባድ መኪኖች ያልፋሉ። ከአርሲ የመንግሥት እርሻዎች ስንዴ ጭነው የሚመጡ ናቸው። ከነተሳቢያቸው ሲያልፉ መስኮታችን ይንቀጠቀጣል፣ የእማዬ ብርጭቆዎችም ቁም ሳጥን ውስጥ ያወራሉ።

ከሹፌሮቹ አንዱ አባባ ነበር። ስሙ አሰፋ ነው፤ ግን በዚያ መንገድ ላይ በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም። "አንደኛ ማርሽ" ነበር የሚሉት። ስሙን ያወጡለት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። ቁልቁለት ላይ እንደሱ የሚቀረፈፍ ሹፌር ስላልነበረ ነው። ከኢተያ አብረውት የተነሱት መኪኖች ገብተው፣ ጭነታቸውን አራግፈው፣ ሹፌሮቹ ምሳቸውን በልተው እጃቸውን ሲታጠቡ እሱ ገና መምጣቱ ነው። ስሙ ከመጋዘኑ ወደ ሰፈር፣ ከሰፈር ወደ ትምህርት ቤት ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። በእረፍት ሰዓት ልጆች ይከቡኝና፣

"አንደኛ ማርሽ፣ ዛሬ ተነስተሽ ነገ ልትደርሺ!" እያሉ ያጨበጭባሉ።

ማጨብጨቡን የምትመራው ሮማን ነበረች። ሮማን አንድ ዴስክ ላይ የምንቀመጥ ጓደኛዬ ናት። በዚያ ዕድሜ ጓደኛ ማለት በጣም የሚወዱትና በጣም የሚቀኑበት ሰው ነው። የእሷም አባት ሹፌር ነው፤ በዚያው መንገድ ያንኑ ስንዴ ያመጣል። እሱ ግን ሲመጣ ሌላ ነው። ጥሩምባውን እየነፋ፣ ክንዱን በመስኮት አውጥቶ፣ በአቧራው ላይ እየበረረ ያልፋል፤ ከኋላው ያ የተቃጠለ ሽታ ይቀራል። እኛ ልጆች ሽታውን ተከትለን እንሮጣለን። እኔ ያን ሽታ የጀግና ሽታ አድርጌ ነበር የምወስደው። የሮማን አባት በፊቴ ሲያልፍ ሽታው የሚወጣው ከእሱ ከራሱ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን እራት ላይ፣ "አባባ፣ የእኛ መኪና ለምንድን ነው የማይሸተው?" ብዬ ጠየቅኩት።

እንጀራው በእጁ እንዳለ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። በማግስቱ ለጋሽ ቱፋ ነግሯቸው እሳቸውም ሳቁ። እኔ ግን የምሬን ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ አንዳንዴ ይወስደኛል። እማዬ ሁልጊዜ ትቃወማለች። ከእኔ በፊት ሁለት ልጅ ቀብራለች፤ አንዱን በኩፍኝ፣ አንዱን ገና ስም ሳይወጣለት። የቀረኋት እኔ ብቻ ስለሆንኩ ከዓይኗ ስርቅ ደስ አይላትም። አባባ "ከእኔ ጋር እኮ ናት" ይላታል። "ከአንተ ጋር መሆኗ መች ጠፋኝ፤ ከዚያ ብረት ጋር ነው እንጂ" ትላለች። ቢሆንም የተቀቀለ እንቁላልና ዳቦ በፎጣ ጠቅልላ ታሲዘኛለች።

ጋቢናው ውስጥ መቀመጫዬ መሐል ላይ ነው፣ በአባባና በጋሽ ቱፋ መካከል፣ የታጠፈ ብርድ ልብስ ላይ። ከሥሬ ሞተሩ ይሞቃል። ጋሽ ቱፋ "አካም ቡልቴ፣ ኢንታላ ኮ!" ብለው ይቀበሉኛል፤ እንዴት አደርሽ ልጄ ማለታቸው ነው። ሁልጊዜ የማይለዩዋት ቡናማ ኮት ነበረቻቸው። ኪሷ ውስጥ ቆሎ አይጠፋም፤ ቆሎው ግን ትንሽ ናፍጣ ናፍጣ ይላል። በኦሮምኛ መቁጠር ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። መንገድ ዳር ያለውን የስልክ እንጨት "ቶኮ፣ ላማ፣ ሰዲ" እያልን ስንቆጥር ዴራን እናልፋለን። ከዴራ በኋላ ዳገቱ ይጀምራል፣ አየሩም ይቀዘቅዛል፤ ባሕር ዛፍ መሽተት ሲጀምር ኢተያ ደረስን ማለት ነው።

ስንመለስ ነው ጉዱ። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት አንድ ብቻውን የቆመ ግራር ነበር። አባባ እዚያ ግራር ሥር ሳይቆም አልፎ አያውቅም። ሞተሩን አያጠፋም፤ ወርዶ ጎማዎቹን አንድ በአንድ በብረት ይመታል፣ የድምፃቸውን ልዩነት ያዳምጣል። ጋሽ ቱፋ ተሳቢው ከመኪናው ጋር የተያያዘበትን ብረት ጎንበስ ብለው ያያሉ። ከዚያ ሁለቱም ወደ ግራሩ ጀርባ ሄደው ሽንታቸውን ይሸናሉ። እኔ ዋናው ጉዳይ ይኸኛው ይመስለኝ ነበር። ቁልቁለት የሽንት ነገር ያመጣል ብዬ አምን ስለነበር፣ ሳይመጣብኝም እየወረድኩ ቁጥቋጦ ፈልጌ እቀመጥ ነበር።

አባባ ሲመለስ ማርሹን ዝቅ ያደርግና ያን ጊዜ ብቻ መውረድ ይጀምራል። ሞተሩ ያጓራል። እግሩ ፍሬን ላይ የሚያርፈው አልፎ አልፎ ነው፤ ረገጥ ያደርገውና ወዲያው ይለቀዋል። አህዮች ይቀድሙን ነበር ብል ማጋነን ነው፤ አንድ ጊዜ ግን ብስክሌት የያዘ ሰው ወርዶ እየገፋ ቀድሞናል። እኔ ያን ማጓራት መኪናው አርጅቶ የሚያቃስት አድርጌ ነበር የምሰማው። የሮማን አባት መኪና አያቃስትም፤ ስለዚህ የእነሱ አዲስ፣ የእኛ አሮጌ ነው።

"አባባ፣ ለምን አትለቀውም? ቁልቁለት እኮ ነው፤ በራሱ ይሄዳል!"

"በራሱ መሄዱን መች አጣሁት" አለ። "ችግሩ እሱ አይደል? ጋሪ አይተሻል?"

አዳማ ተወልዶ ጋሪ ያላየ የለም።

"ጋሪ ሲወርድ ፈረሱን እዪው። ዳገት ላይ በደረቱ ይጎትታል። ቁልቁለት ላይ ግን ኋላውን ዝቅ አድርጎ ጋሪውን በወገቡ ነው የሚይዘው። ከሮጠ ጋሪው መጥቶ ይጨፈልቀዋል። ይኸ ከኋላችን ያለው ደግሞ ስንት ኩንታል ነው? እኔ የምይዘው በሞተሩ ነው። ፍሬኑን ብቻ እየረገጥኩ ብወርድ ሸራው ይግላል፣ ከጋለ ደግሞ አይዝልኝም።"

"ያን ጊዜ ማርሽ አትቀይርም?"

"ያን ጊዜ ማርሹ አይገባም። የሚገባው እላይ ነው፤ ግራሩ ጋ።"

ገባኝ? ጋሪው ገባኝ። ሌላው በአንድ ጆሮ ገብቶ በሌላው ወጣ። የምፈልገው መልስ ሌላ ነበር።

"ፈሪ ነህ እንዴ፣ አባባ?"

ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል፣ "አዎ፤ በጣም እንጂ" አለኝ።

ጋሽ ቱፋም፣ "እኔ ደግሞ ከሱ እብሳለሁ" ብለው ቆሎ ዘገኑልኝ።

ቆሎውን አልተቀበልኩም። አባቴ ፈሪ መሆኑን በገዛ አፉ አመነልኝ፤ ለሮማን ምን ልበላት? ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ እስከ ዴራ አለቀስኩ። እነሱ የደከመኝ መስሏቸው ብርድ ልብሱን አለበሱኝ።

የመንፈቅ ዓመቱ ትምህርት ሊዘጋ ሲል ትምህርት ቤታችን የወላጆች ቀን አዘጋጀ። የእኛ ክፍል ስለ መኸር ስብሰባ ድራማ እንዲሠራ ተወሰነ፤ በዚያ ዘመን ድራማ ሁሉ ስለ ምርት ነበር። ገበሬ አለ፣ ስንዴ የሚደብቅ አሻጥረኛ ነጋዴ አለ፣ መጨረሻ ላይ ስንዴውን ለሕዝብ የሚያደርስ ሹፌር አለ። የሹፌሩን ቦታ ሮማን ፈልጋው ነበር። የሞተር ድምፅ አሳምሬ የማወጣው ግን እኔ ስለሆንኩ አስተማሪያችን ለእኔ ሰጠኝ። ለአንድ ሳምንት እግሬ መሬት አልነካም። መሪ የሚሆን የድስት ክዳን ተሰጠኝ፤ ወገቤ ላይ ገመድ ታሰረና ገመዱን ስድስት የሁለተኛ ክፍል ልጆች ጀርባቸው ላይ ጆንያ አዝለው ያዙት። እነሱ ተሳቢዬ ናቸው።

አንድ ቀን ማታ ግቢያችን ውስጥ ስንለማመድ አባባ ከሥራ ገባ። ዱካ ላይ ተቀምጦ አየን። እኔ ለማሳየት ብዬ በሩጫ መጣሁና ቀጥ ብዬ ቆምኩ፤ ስድስቱ ልጆች እየተደራረቡ ጀርባዬ ላይ ወደቁ። አባባ ተነስቶ አንድ በአንድ አነሳቸው፣ አቧራቸውንም አራገፈላቸው። ከዚያ ቆቡን አውልቆ እኔ ራስ ላይ አደረገው። እስከ ዓይኔ ነበር የሸፈነኝ።

"ስትቆሚ ከኋላ ያሉትን አስቢ፣ ሰናይት" አለኝ።

ቆቡን ወሰድኩ። ምክሩን እዚያው ተውኩት።

ድራማው በዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ቀኑ የሥራ ቀን ነው። አባባ ፈቃድ ጠይቆ ነበር፣ በመኸር ጊዜ ፈቃድ የለም አሉት። "ግድ የለም፣ ደርሼ እመጣለሁ" አለኝ። ሮማን ይህን ስትሰማ ሳቋ መጣ።

"የእኔ አባት ይመጣል። ያንቺ አባት እኮ ድራማው አልቆ ወንበር ሲሰበሰብ ነው የሚደርሰው።"

የዚያን ዕለት ጎህ ሳይቀድ ተነሳሁ። አባባ በረንዳው ላይ ፊቱን ይታጠባል። ጋሽ ቱፋ ውጭ ሞተሩን እያሞቁ ነው፤ ድምፁ ይሰማል። ሄጄ ፎጣውን ያዝኩበት።

"በዘጠኝ ሰዓት ትመጣለህ?"

"እግዜር ካለ።"

"እግዜር ካለ አይደለም! ማል።"

"እመጣለሁ አልኩሽ እኮ።"

"ሰናይት ትሙት በል።"

እማዬ ከውስጥ ሮጣ ወጣች። "አንቺ! ምን ያናግርሻል በጠዋቱ? ዝም በይ!"

አባባ በእኔ ምሎ አያውቅም። ሰው ሁሉ "ልጄን!"፣ "ልጄ ትሙት!" እያለ በየደቂቃው ሲምል እሱ "እውነቴን ነው" ብሎ ነበር የሚያልፈው። ሁለት የቀበረ ሰው ለምን እንዲህ እንደሚያደርግ ያን ጊዜ ማወቅ ነበረብኝ ማለቴ አይደለም። ግን ፊቱን አይቻለሁ። ውሃው ከአገጩ እየተንጠባጠበ ቆሞ እያየኝ ነበር፤ ምን እንዳሰበ አላውቅም።

"አትልም? አየህ፣ እንደማትመጣ ታውቃለህ። ሮማን እውነቷን ነው። አንተ ፈሪ ስለሆንክ ሁሌ ከሰው በኋላ ነህ።"

ፎጣውን ከእጄ ወሰደ። ፊቱን አደረቀ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ "እሺ። ሰናይት ትሙት" አለ።

እማዬ አማተበች። እኔ በደስታ ዘለልኩ።

ከሰዓት በኋላ የትምህርት ቤቱ ሜዳ በወንበር ተሞላ። ነፋሱ ያንን አቧራ ያነሳል፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይይዛሉ። እማዬ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ አጠገቧ ያለውን ወንበር በሻሿ ይዛለታለች። ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ያን ሻሽ አያለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። የገበሬው ተራ አለቀ። አሻጥረኛው ነጋዴ ተያዘ። የሮማን አባት በር አጠገብ እጁን አጣጥፎ ቆሟል። ተራዬ ሲደርስ ሻሹ አሁንም ወንበሩ ላይ ነበር።

በንዴት ነው የወጣሁት። የአባባን ቆብ ደፍቼ፣ የድስት ክዳኑን እያሽከረከርኩ፣ እንደ ሮማን አባት ጥሩምባ እየነፋሁ ሜዳውን በሩጫ ዞርኩት። ሰው አጨበጨበ። ጨመርኩ። መቆሚያዬ ጋ ስደርስ ቀጥ አልኩ፤ ስድስቱም መጥተው ተከመሩብኝ። ሰው በሳቅ ሞተ። ከሥር የነበረው ትንሹ ልጅ አፍንጫው ደምቶ ሲያለቅስ እንኳ ሳቁ አልቆመም። እኔ ከልጆቹ ሥር ሆኜ ወንበሩን ነበር የማየው።

ቤት ስገባ አልጋ ላይ ወጥቼ ተጋደምኩ። የምጠብቀው ሞቴን ነው። አባባ "ሰናይት ትሙት" ብሎ ምሏል፣ አልመጣም፤ ስለዚህ እሞታለሁ። ነገሩ ግልጽ ነበር። እጄን ልቤ ላይ አድርጌ ይመታ እንደሆነ አዳምጣለሁ። እግሬ የቀዘቀዘ መሰለኝ። አባባ የት ደረሰ ብዬ አንድ ጊዜ እንኳ አላሰብኩም። ገደለኝ ብዬ ነው የተናደድኩበት።

ሊመሻሽ ሲል በሩ ተንኳኳ። የሮማን አባት ነበር። ቆቡን በእጁ ይዞ፣ ጥሩምባ የሚነፋው ያ ሰው ሳይሆን ሌላ ሰው መስሎ ደጃፉ ላይ ቆመ።

"እትዬ፣ አይደንግጡ። አሰፋ ደህና ነው። መኪናው ነው የተገለበጠው፤ ዴራ ሳይደርስ። እሱ ደህና ነው። ቱፋ ግን... እግሩን ተጎድቷል።"

እማዬ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። እኔ ከአልጋዬ ተስፈንጥሬ ወጣሁ።

"በስንት ሰዓት?"

"ምን?"

"በስንት ሰዓት ነው የተገለበጠው? ከዘጠኝ በፊት ነው በኋላ?"

ሰውዬው ግራ ገብቶት አየኝ። "ከዘጠኝ በፊት መሰለኝ። ስምንት ተኩል ግድም ነው አሉ።"

እፎይ አልኩ። ከዘጠኝ በፊት ከሆነ መሐላው ገና አልፈረሰም ነበር፤ ስለዚህ አልሞትም። እማዬ እፎይታዬን ስታይ ለአባቴ መትረፍ መስሏት ጭምቅ አድርጋ አቀፈችኝ።

የመንግሥት ስንዴ መንገድ ላይ ፈስሶ፣ የመንግሥት መኪና መንገድ ዳር ተገልብጦ ዝም ብሎ የሚታለፍበት ዘመን አልነበረም። አባባን ፖሊስ ጣቢያ አስቀመጡት። ከእማዬ ጋር ምሳ እናመላልሳለን። በሦስተኛው ይሁን በአራተኛው ቀን እማዬ ውጭ ከዘበኛው ጋር ስትነጋገር እኔ የምሳ ዕቃውን ይዤ እስከ ቢሮው በር ደረስኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። አባባ ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ ግንባሩ በፋሻ ተጠቅልሏል። ከፊቱ ያለው ሰው ይጽፋል።

"በዚህ መንገድ ስንት ዓመት ነዳህ?"

"አሥራ ሁለት።"

"ጓደኞችህ ሁሉ የሚሉት ካንተ የሚጠነቀቅ የለም ነው። እንዲህ ባለ ማርሽ ያን ቁልቁለት ወርደህ ታውቃለህ?"

"አላውቅም።"

"ታዲያ የዚያን ዕለት ምን ተገኘ? ለምን ቸኮልክ? ማን ነው ያዘዘህ?"

አባባ ቀና ሲል አየኝ። በሩ ላይ፣ የምሳ ዕቃውን በሁለት እጄ እንደያዝኩ። ዓይኑ ዓይኔ ላይ ብዙ አልቆየም፤ ወደ ሰውዬው ተመለሰ።

"ማንም አላዘዘኝም። ጥፋቱ የራሴ ነው" አለ።

መልሱን የማውቀው እኔ ነበርኩ። ሰውዬው "ማን?" ሲል አፌን ከፍቼ "እኔ" ብል ምን ይደረግ ነበር? ሕፃን ናት ብለው ይስቁ ነበር ይሆናል። ምናልባትም ጽፈውት አባባን ይለቁት ነበር። አላውቅም። የማውቀው የምሳ ዕቃውን በሩ ሥር አስቀምጬ ወደ እማዬ መሮጤን ነው።

ከሁለት ወር በላይ አስቀምጠው ለቀቁት። መንጃ ፈቃዱን ወሰዱበት። ስንዴ ያራግፍበት በነበረው መጋዘን ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረ፤ ከዚያ ወዲያ መሪ አልጨበጠም።

ጋሽ ቱፋ ከሆስፒታል ሲወጡ ሊጠይቁን መጡ። አባባ ሥራ ላይ ስለነበር አላገኙትም፤ እማዬ ሻይ ልታፈላ ገባች። በረንዳው ላይ እኔና እሳቸው ብቻ ቀረን። ቡናማ ኮታቸውን ለብሰዋል። የግራ ሱሪያቸው ከጉልበት በታች ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። ክራንቹን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ቆሎ ዘገኑልኝ። ይህን ጊዜ ተቀበልኩ።

"ተናደሽብኛል እንዴ፣ ኢንታላ ኮ? ለምን አታዪኝም?"

"አልተናደድኩም።"

"አባትሽ እንዴት እንደሚወድሽ ታውቂያለሽ?" አሉ ፈገግ ብለው። ሊያስደስቱኝ ነው። "ያን ቀን ኢተያ ሠራተኛው ሁሉ ስብሰባ ገብቶ የሚጭንልን አጣን። አባትሽ ሰዓቱን ያያል፣ ይቆማል፣ ይቀመጣል። ጭነን ስንወጣ ግራሩ ጋ ሳይቆም አለፈ። እኔ 'ማርሽ! አሰፋ፣ ማርሽ!' ብዬ ጮህኩ። 'ሰናይትን ምዬባታለሁ፣ ቱፋ' አለኝ። ይኸው ነው ያለው። ከዚያ ፍሬኑ ጋለ፣ አልይዝም አለ። ማርሹም እምቢ አለ። እኔ ታኮውን ይዤ ዘለልኩ፤ ከተሳቢው ጎማ ሥር ልከት ብዬ። እግሬ የቀረው እዚያ ነው። እሱ ደግሞ መኪናውን ወደ ተራራው ሰጠው። ገደሉ በሌላው በኩል ነበር እኮ። ነፍስ ተርፏል፤ አልሐምዱሊላህ።"

ቆሎው እጄ ውስጥ ረጠበ።

"ጋሽ ቱፋ፣ ለማንም እንዳይነግሩብኝ።"

"ምኑን?"

"የቸኮለው በእኔ ምሎ መሆኑን። ለእማዬም። ለማንም። ይማሉልኝ። አባባ ይሙት ይበሉ።"

ከአፌ ሲወጣ ፈገግታቸው ጠፋ። አሁን ሳስበው፣ ያን ጊዜ ነው ማን እንዳስማለው የገባቸው። እስከዚያ ድረስ አባባ በራሱ ፍቅር የማለ መስሏቸው ነበር።

"መሐላ ይብቃን፣ ልጄ" አሉኝ። "እንዲሁ ዝም እላለሁ።"

ሻዩ መጣ። ስለ ነፋሱ አወሩ።

ዝምም አሉ። ሰው እግራቸውን ሲጠይቃቸው "ፍሬን ነው" ነበር መልሳቸው። አባባም ስለዚያ ቀን ከእኔ ጋር አንድ ቃል ሳይነጋገር ዐረፈ። ስንት ጊዜ ልነግረው፣ ይቅርታ ልለው ተነስቼ ስለ ሌላ ነገር እንዳወራሁ ብቆጥረው አልዘልቀውም። በየዓመቱ ነገ እላለሁ። የቀሩኝ ጋሽ ቱፋ ነበሩ፤ እሳቸው ደግሞ ባለፈው ወር ሄዱ፤ እኔም ስልኩን ይዤ እፎይ አልኩ።

ለቅሶው ላይ፣ ሰው ትንሽ ሲቀል ጀማል መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ክራንቹ ጥግ ላይ ቆሟል።

"እትዬ ሰናይት፣ እርስዎ ያውቁ እንደሆነ ብዬ ነው" አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። "አባዬ እግሩን እንዴት እንዳጣ አንድ ቀን በወጉ አጫውቶን አያውቅም። ፍሬን ነው ይለናል፣ ያልፋል። ሰው ግን ብዙ ያወራል። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሹፌሩ ሰክሮ ነው የሚሉም አሉ። እውነቱ ምንድን ነው?"

ሁሉም ሞተዋል። የምፈራው ሰው አልነበረም። ሽበት ያወጣሁ ሴትዮ ነኝ። ጀማል የአባቱ ዓይን አለው፤ በዚያ ዓይን እያየኝ ጠበቀ።

"ፍሬን ነው" አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። ብርጭቆዬን ወስዶ ሻይ ጨመረልኝ። አባባ መጠጥ የሚባል ነገር በአፉ ዞሮ እንደማያውቅ እንኳ አልነገርኩትም።